ምስሉ ምን ይነግረናል? በጊዜ የተደረሰበት የጡት ካንሰርና ምርመራው

በአምባራስ የምትኖር እናት ጡቷ ላይ ጠጣር እብጠት ብታገኝ፣ ከሕመሙ እኩል የሚያሳስባት መንገዱ ነው። ወደ ደባርቅ መውረድ፣ ከዚያም በዳባት አልፎ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መድረስ ይጠበቅባታል። ከደባርቅ ጎንደር ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባልና ሚስት የትኛው ምርመራ ለምን እንደሚታዘዝ አስቀድመው ቢያውቁ ጊዜም ገንዘብም ይተርፋቸዋል።

እያንዳንዱ ምስል የራሱ ሥራ አለው

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም። እብጠቱ ውኃ የቋጠረ ይሁን ጠጣር እጢ ይለያል። ለወጣት እህቶችና ለነፍሰ ጡሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው እርሱ ነው። ማሞግራም የጡት ራጅ ሲሆን፣ በእጅ የማይዳሰሱ ጥቃቅን ምልክቶችን ያሳያል። የወጣት ሴት ጡት ግን ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ በራጁ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ እጢውም ነጭ ስለሆነ ሊሰወር ይችላል። ኤምአርአይ ሁለቱ ያልመለሱት ጥያቄ ሲኖር ይታዘዛል።

ምስል ብቻውን "ካንሰር ነው" ብሎ አይፈርድም፤ የሚያረጋግጠው በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ነው። እጅ የዳሰሰው እብጠት ካለ ደግሞ "ራጁ ንጹሕ ነው" ተብሎ አይተውም።

ካንሰሩ ከተረጋገጠ በኋላ

ምስሉ የእጢውን ስፋትና የብብት ንፍፊቶችን ሁኔታ ያሳያል። ሐኪሙም እጢው ብቻ ይውጣ ወይስ ጡቱ በሙሉ የሚለውን በዚህ ተመርቶ ያማክራል። እጢው ብቻ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የጨረር ሕክምና ይከተላል። በአገራችን ይህ ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ የት እንደሚገኝ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጠየቅ ይገባል።

እጢው ትንሽ ከሆነና ሌላ ምልክት ከሌለ፣ መላ አካልን በሲቲ ስካን መፈተሽ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ጉዳት የሌለውን ጠባሳ አሳይቶ ለከንቱ ጭንቀት ሊዳርግ ይችላል። ሐኪም ላላዘዘው ምስል በሬ አይሸጥ። የአጥንት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ለሐኪሙ ይነገር። ከሕክምናው በኋላም የቀረው ጡት በየዓመቱ በማሞግራም ይታያል።

ባሎች ሆይ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ አንዲት ሴት ሐኪም ዘንድ ከቀረበች በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራዋ እንዲጠናቀቅ ይመክራል። ስለዚህ ሚስትህ "እብጠት አገኘሁ" ስትልህ "እስቲ እንየው" አትበላት። አብራችሁ ጸልዩ፤ አብራችሁም ተነሡ። የምርመራውን ወረቀትና ፊልም በአንድ ቦታ ጠብቅ፤ ቀጣዩ ሐኪም ይፈልገዋልና።