ስለ አሮጌ በሮች ቀለም መግፈፍ

ከጽድና ከዋንዛ ተጠርበው የተሠሩት የቀድሞ በሮች ለብዙ ዘመን ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብባቸው ስለ ኖሩ፣ ባለቤቶቻቸው የእንጨቱን የተፈጥሮ ውበት ለማየት ናፍቀው ወደ እኛ አናጢዎች ይመጣሉ፤ ናፍቆታቸውን አከብራለሁ፤ የሚያሳዝነኝ ግን ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ሲሉ «በኮስቲክ ሶዳ ንከርልን» ማለታቸው ነው።

እርግጥ ነው፣ ሶዳው የዘይት ቀለምን ወደ ሳሙናነት ስለሚለውጠው፣ ማታ የተነከረው በር ጧት ቀለሙን ጥሎ ይገኛል። ዳሩ ግን ኃይሉ በቀለሙ ላይ ብቻ ስለማያበቃ፣ ወደ እንጨቱ ዘልቆ ጭረቶቹን ያያያዘውን ባሕርያዊ ማጣበቂያ ይበላል፤ ገጹ ይሻክራል፤ ታኒን የበዛበት እንጨት ይጠቁራል፤ የጥንት ጠራቢዎች ከቆዳና ከአጥንት ቀቅለው ያዘጋጁት ሙጫም ስለሚሟሟ፣ ጽኑ የነበረው መጋጠሚያ ይላላል። ከሁሉ የሚከፋው የማይታየው ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ የቀረው ሶዳ ክረምት በገባ ጊዜ እርጥበቱን ተከትሎ ነጭ ጨው ሆኖ ይወጣና አዲሱን ቫርኒሽ ገፍቶ ይልጠዋል። በውኃ በቀጠነ አቼቶ ማጠብ ጉዳቱን ያቀልለዋል እንጂ በመጋጠሚያው ውስጥ የተሰወረውን አይደርስበትም።

ስለ ሠራተኛውም ዝም ማለት አይቻለኝም። ሶዳ በውኃ ላይ ቀስ እየተባለ ይጨመራል እንጂ ውኃ በሶዳ ላይ ከቶ አይፈስስም፤ ይህን ያላስተማሩት ወጣት ፈልቶ በሚረጨው ውኃ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ዲክሎሮሜቴን ያለበት የቀለም ማስለቀቂያም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ በባሕር ጠለል በ40 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ይህ ፈሳሽ በአዲስ አበባ ከፍታ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ወደ ታች ይከማቻል፤ በሰውነትም ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ሰዎችን ስለ ገደለ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ለቤት ተጠቃሚዎች እንዳይሸጥ ከልክሎታል።

ደግሞም በአሮጌው ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን ሊኖር ይችላል። መንግሥታችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ የእርሳሱ መጠን ከሚሊዮን እጅ ከ90 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን በር ግን ደንቡ አላጠራውም። የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳው ይህ መርዝ፣ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ በአቧራ፣ በሶዳ ሲነከር በዝቃጩ ይወጣል።

ስለዚህ በሙጫ የተጋጠመ በር አልነክርም። ቀለሙ እርጥብ ሆኖ፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች በሌሉበት፣ በስፓቱላ ጥቂት በጥቂት ይነሣል፤ ፍቅፋቂው በጆንያ ታስሮ ይወገዳል እንጂ በጓሮ አይደፋም። ቀለሙ ያልተላላጠ፣ ጽኑ ከሆነ ግን፣ ገቢዬ ቢቀንስም፣ ሳይነካ በላዩ ሌላ እንዲቀባ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ።