ትራክተርን በመኪና ላይ ስለ መጫን

ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ጤፍና ስንዴ ይዘራል። በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ የሚያርሰው በሬ ነው። በሬ ወደ እርሻው በእግሩ ይሄዳል፤ ጫኑኝ አይልም። ትራክተር ግን እንዲህ አይደለም። ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሲዛወር ሩቅ መንገድ በራሱ ጎማ ቢነዳ ጎማው ያልቃል፣ ነዳጁ ይባክናል፣ ቀኑም ይመሻል። ስለዚህ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ሰው ከሚጎዳባቸው ሰዓቶች አንዱም ይኸው የመጫኛው ሰዓት ነው።

ያየነውን እንናገር። በአንድ የሰኔ ቀን ሰዎች ትራክተር ሊጭኑ ሁለት ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ በመኪናው ኋላ አጋደሙ። ሾፌሩ በፊት ማርሽ መውጣት ጀመረ። ግንዱ ድቡልቡል ስለሆነ ተንከባለለ፣ የትራክተሩም አፍንጫ ወደ ሰማይ ተነሣ። ሾፌሩ ዘሎ ወረደና ትከሻው ብቻ ተጎዳ። ከኋላ ሆነው «በርታ! በርታ!» ይሉ የነበሩት ሁለት ጎረምሶች ግን የተረፉት በዕድል ነው እንጂ በብልሃት አይደለም።

ለመሆኑ አፍንጫው ለምን ይነሣል? የትራክተር ክብደት የሚበዛው በኋላው በኩል ነው። ሞተሩም የሚያሽከረክረው የኋላውን ትልቅ ጎማ ነው። ዳገት ላይ ጎማው ሲያዝና እንቢ ሲል፣ ሞተሩ ጎማውን ማዞር ሲያቅተው የትራክተሩን አካል ራሱን ያዞረዋል። ፊቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ይህም የሚሆነው አንድ ጊዜ አጨብጭባችሁ ሁለተኛውን ሳትደግሙ ነው። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ልርገጥ ብሎ እስኪያስብ ድረስ ነገሩ አልቋል። በስዊድን አገር በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ ትራክተር ሁሉ ሾፌሩን ከመጨፍለቅ የሚያድን ብረት ከመቀመጫው በላይ እንዲኖረው የታዘዘው በዚህ ዓይነት መገልበጥ ሰው ስለሚሞት ነው። ይህ ብረት ያለው ትራክተር ላይ የሚቀመጥ ሰው ቀበቶውን ይሰር። ብረቱ ያለ ቀበቶ ግማሽ ሥራ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ትራክተሩ በኋላ ማርሽ ይውጣ። ከባዱ ወገን ወደ ዳገቱ፣ ቀላሉ ወገን ወደ ቁልቁለቱ ሲሆን አፍንጫው መነሻ የለውም። በዚህ ሌላም ጥቅም ይገኛል። ከባዱ ወገን ወደ ጋቢናው ይጠጋል። ጭነቱ ወደ ቂጧ የተንሸራተተባትን አህያ አይታችኋል አይደል? ፊቷ ይቀላል፣ መንገዷንም ትስታለች። መኪናም እንዲሁ ነው፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ከበዛ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪውም አይታዘዝም።

አሁን ወደ መወጣጫው እንምጣ። የመኪናው ካሶኒ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ መወጣጫው ቢያንስ 4 ሜትር ይርዘም። በክንድ ቢለካ፣ ሁለት ክንድ ከፍታ ስምንት ክንድ መወጣጫ ይፈልጋል ማለት ነው። ከዚህ ካጠረ ዳገቱ ይበረታል። ድቡልቡል ግንድ አይሆንም። ወፍራም ጠፍጣፋ ሳንቃ ወይም ብረት ይሁን፤ ጎማው እንዳያዳልጠውም በላዩ አግዳሚ እንጨት ይመታበት። የላይኛው ጫፍ ከካሶኒው ጋር በሰንሰለት ይታሰር። ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ ሳንቃውን ወደ ኋላ እንደሚገፋው አትርሱ። በሁለቱ ሳንቃዎች መካከል ያለው ርቀት ከትራክተሩ ጎማዎች ጋር መግጠሙን በዱላ ለክቶ ማየት ነው።

ከዚህም የሚሻል አለ። በመንገድ ዳር እንደ ካሶኒው ከፍ ያለ ደረቅ ጉብታ ከተገኘ መኪናውን በኋላው ወደዚያ ማስጠጋት ነው። ዳገቱ ቀረ ማለት ነው። በክረምት ግን የጉብታው ጠርዝ ይናዳልና አስቀድሞ ይፈተሽ። መኪናውም በዋልካ መሬት ላይ አይቁም። የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ይግባ። ከካሶኒው ጭራ ሥርም ጠንካራ ድጋፍ ይደረግ፤ ክብደቱ መጀመሪያ የሚያርፈው በጭራው ላይ ስለሆነ ባሌስትራው ይሰምጣል፣ የመኪናውም ፊት ይነሣል።

የመኪናው የጭነት ልክ በሊብሬው ላይ በኩንታል ተጽፏል። ማንበብ የቻለ ሁሉ ይህን ይመልከት። መካከለኛ ትራክተር ብቻውን ከ25 እስከ 35 ኩንታል ይመዝናል። ማረሻው ተፈትቶ ለብቻው ይጫን። በትራክተሩ ላይ ካለ መወጣጫውን ይመታል።

በመውጣት ላይ ማርሽ መቀየር የለም፤ ከመነሻው ዝቅተኛው ማርሽ ይገባል። ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሾፌሩ በሚያየው በጎን በኩል፣ አሥር እርምጃ ርቆ ይቁም። ሁሉም እየጮኸ ካዘዘ ሾፌሩ የማንን ይሰማል? ሕፃናት ይራቁ። ካሶኒው ላይም ሰው አይኑር።

ከወጣ በኋላ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ማርሽ ይግባ፣ ሞተሩ ይጥፋ። ከአራቱም ማዕዘን በሰንሰለት ይወጠር፣ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላም እንጨት ይመታ። የቃጫ ገመድ አይበቃም።

ከደብረ ወርቅ በብቸና በደጀን አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ዓባይን ይሻገራል። ከደጀን እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ መውረድ፣ ከወንዙ እስከ ጎሐ ጽዮንም ያንኑ ያህል መውጣት አለ። ቁልቁለቱ ትራክተሩን ወደ ጋቢናው ይገፋዋል፣ ዳገቱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ከተነሡ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ኋላም ደጀን ላይ ቁልቁለቱ ሳይጀመር፣ እንደገናም ዳገቱ ካለቀ በኋላ ጎሐ ጽዮን ላይ በእጅ ተነክቶ ይታይ። የላላ ከሆነ እዚያው ይወጠር፤ ረዳቱ «ደህና ነው» ስላለ ብቻ አይታለፍ።

ሲወርድ መወጣጫው፣ ታኮውና ድጋፉ እንደ መጀመሪያው ይዘጋጃል። ሰንሰለቱ የሚፈታው ሾፌሩ መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ፍሬን ከረገጠ በኋላ ነው። በፊት ማርሽ፣ በዝቅተኛው፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። ማረሻው የሚገጠመው አራቱም ጎማ መሬት ከያዘ በኋላ ነው።