የተነፈገ እጅና የተዘረጋ እጅ፤ ስለ ሁለቱ የአንበሳ ፊልሞች

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)

ማታ ከመሥሪያ ቤት ወጥታችሁ፣ የዳሞታ ተራራ ጭጋግ ወደ ሶዶ ከተማ በሚወርድበት ሰዓት ወደ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ልጆቻችሁን በቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው ታገኙአቸው ይሆናል። የሚመለከቱትም ምናልባት አሥር ጊዜ ያዩት፣ ስለ አንድ የአንበሳ ደቦል የሚተርከው የሥዕል ፊልም ነው። አባት ጋዜጣውን ይዞ ወደ ጥግ ይቀመጣል፤ እናትም ወደ ጓዳ ታልፋለች፤ ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ ይተዋል። እኔ ግን ይህ ነገር የልጆች ብቻ አለመሆኑን፣ ይልቁንም የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ለወላጆች የሚናገረው ቁም ነገር እንዳለው ዛሬ በአጭሩ ላስረዳችሁ አስቤአለሁ።

የመጀመሪያው ፊልም «ዘ ላዮን ኪንግ»፣ ማለት «አንበሳው ንጉሥ» የሚባለው ሲሆን፣ የአሜሪካው የዋልት ዲዝኒ ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ለሲኒማ ቤቶች ያወጣው ነው። ሁለተኛው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. በቪዲዮ ካሴት የወጣው «የሲምባ ፕራይድ» ነው። «ፕራይድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ኩራት ማለትም ነው፤ ደግሞም አብሮ የሚኖር የአንበሶች ወገን ማለት ነው። ስለዚህ አርእስቱ ራሱ አንድ ጥያቄ ይዞአል፤ ይኸውም የሲምባ ወገን የሚባለው ማን ነው የሚል ነው። በ2004፣ በ2019ና በ2024 ዓ.ም. ስለ እነዚሁ አንበሶች ሌሎች ፊልሞችም ወጥተዋል፤ የዛሬው ንግግሬ ግን በሁለቱ ብቻ ይወሰናል።

የመጀመሪያው ታሪክ እንዲህ ነው። ሙፋሳ የሚባለው የአንበሶች ንጉሥ ሲምባ የሚባል ልጅ አለው። የንጉሡ ወንድም ስካር ዙፋኑን ተመኝቶ ከጅቦች ጋር ይማከራል፤ ደቦሉ ባለበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የአራዊት መንጋ እንዲደነብር ያደርጋል። ሙፋሳ ልጁን ከመንጋው ርግጫ አድኖ ገደሉን ሲወጣ፣ ከጫፍ ደርሶ ወንድሙን እርዳታ ይለምነዋል። ስካር ግን በመርዳት ፈንታ የወንድሙን መዳፍ በጥፍሩ ወግቶ ወደ ታች ይጥለዋል፤ ደቦሉንም የአባቱ ሞት በእርሱ ጥፋት የመጣ መሆኑን አሳምኖ ያባርረዋል። ሲምባ በስደት አድጎ ተመልሶ፣ አጎቱን ድል አድርጎ የአባቱን ቦታ ይይዛል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን «ሐምሌት»ን ያነበበ ሰው፣ አባቱ በአጎቱ የተገደለበትን የዚያን ልዑል ታሪክ ወዲያው ያስታውሳል፤ የፊልሙ ሠሪዎችም ይህን ዝምድና አልሸሸጉትም።

በሥራው ጥራት በኩል የመጀመሪያው ፊልም ብልጫ እንዳለው ማንም አይክድም። በሲኒማ ሥራ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 24 ምስል በዐይናችን ፊት ያልፋል፤ 88 ደቂቃ በሚፈጀው በዚህ ፊልምም ከ126 ሺህ የሚበልጥ ምስል ያልፋል ማለት ነው። ሠዓሊዎቹ የምሥራቅ አፍሪካን ሜዳና ብርሃን በዐይናቸው ለማየት ወደ ኬንያ ተጉዘው ነበር። መንጋው የሚደነብርበት ክፍል ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ሆኖ ሳለ፣ በኮምፒዩተር እርዳታ ተሠርቶ እስኪያልቅ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቶአል። የሐንስ ዚመር ሙዚቃና የኤልተን ጆንና የቲም ራይስ ዘፈን በ1995 ዓ.ም. ሁለት የኦስካር ሽልማት አስገኝተዋል። ሁለተኛው ፊልም ግን ይህን ያህል ዕድል አላገኘም። የተሠራው በድርጅቱ የቴሌቪዥን ክፍል በኩል፣ ከሲኒማ ቤት ይልቅ ለየቤቱ እንዲሸጥ ታስቦ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ሳሳ ያለ፣ ቀልዱም አንዳንድ ጊዜ የተደጋገመ ሆኖ ይታያል።

ታሪኩስ ምን ይላል? ሲምባ ነግሦ ኪያራ የምትባል ሴት ልጅ ወልዶአል። የስካር ወገን የነበሩትን አንበሶች ግን ዝናብና አደን ወደማይገኝበት ደረቅ ምድር አባርሮአቸዋል። የእነርሱ መሪ ዚራ የምትባል እናት ናት፤ ስካር አልጋ ወራሽ አድርጎ የመረጠውን ልጅዋን ኮቩን ሲምባን እንዲገድል አድርጋ በቂም ታሳድገዋለች። ኪያራና ኮቩ ግን ተገናኝተው ይዋደዳሉ። እዚህ ላይ ደግሞ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱት «ሮሜዎና ዡልየት» ትዝ ይለናል፤ ልዩነቱ፣ በዚያኛው ወላጆች የሚታረቁት በልጆቻቸው መቃብር ላይ ሲሆን፣ በፊልሙ ግን ልጆቹ በሕይወት ሳሉ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ፊልም በታሪኩም ጉድለት አለው። በመጀመሪያው ፊልም የስካር ተባባሪዎች ጅቦች እንጂ አንበሶች አልነበሩም፤ ዚራና ወገኖችዋ ከየት እንደ መጡ የሚያስረዳ በቂ ነገር አናገኝም። ደግሞም የብዙ ዓመት ጥላቻ በአንድ ዝናብና በጥቂት ቃል መብረዱ ለአዋቂ ሰው በቀላሉ አይታመንም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ፊልም በድል ቀን ዘግቶ የተወውን ጥያቄ ሁለተኛው ከፍቶታል። ድል የተደረጉት ወዴት ሄዱ? ልጆቻቸውስ ምን እየተባሉ ያድጋሉ?

ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብትመለከቱ፣ ይህ ጥያቄ በምስል ተገልጾ ታገኙታላችሁ። በመጀመሪያው ፊልም ሲምባ ወደ ውኃው ዝቅ ብሎ ሲመለከት የአባቱን የሙፋሳን መልክ ያያል፤ በዚያም ይበረታል። በሁለተኛው ኮቩ ተባርሮ ሲሄድ በውኃው ውስጥ የሚታየው የስካር መልክ ነው። አንዱ የአባቱን ክብር ሲወርስ፣ ሌላው ያልሠራውን በደል ወረሰ። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚባለው ይኸው ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የእጁ ነገር ነው። የመጀመሪያው ፊልም መከራ ሁሉ የሚጀምረው ወንድም ለወንድሙ እጁን በመንፈጉ ነው። በሁለተኛው ፊልም መጨረሻ ዚራ በገደል ላይ ተንጠልጥላ፣ ከበታችዋ ወንዝ እያጓራ ሳለ፣ ኪያራ መዳፍዋን ትዘረጋላታለች። ዚራ አባትዋን ሊገድል የመጣው ጦር መሪ መሆንዋን ኪያራ በሚገባ ታውቃለች። ዚራ የተዘረጋውን እጅ አልቀበልም ብላ ትወድቃለች፤ እጁ ግን ተዘርግቶ ነበር። የልጅ ልጁ በጠላት ላይ ያልጨከነችው፣ አያትዋ የገዛ ወንድሙ በጨከነበት ዓይነት ስፍራ ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ለሁለቱ ፊልሞች እውነተኛው ማሰሪያ ይህ ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ ወላጆች እንመለስ። በመጀመሪያው ፊልም የወደድነው ሲምባ በሁለተኛው አባት ሆኖ ስናየው ፈሪ ሆኖአል። ልጁ የመጀመሪያ አደንዋን ብቻዋን እንድትወጣ ቃል ከሰጣት በኋላ፣ ቲሞንንና ከርከሮውን ፑምባን በስውር ይልክባታል። እርስዋም ይህን ባወቀች ጊዜ ተቆጥታ ከአባትዋ ግዛት ርቃ ትሄዳለች፤ የእሳቱ አደጋም የሚደርስባት እዚያ ነው። እንግዲህ ልጁን ወደ አደጋው የገፋት የአባትዋ ፍርሃት መሆኑን ልብ በሉ። ኋላም ኮቩን ያለ በቂ ምርመራ በአባረረ ጊዜ፣ እንደ ሙፋሳ ከቶ ሊሆን እንደማይችል በፊቱ ትነግረዋለች። ይህን ቃል ሰምቶ በልቡ ያልደነገጠ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። በችግር ያደግን ሰዎች ልጆቻችንን ከችግር ለመጠበቅ ስንል፣ ብዙ ጊዜ የራሳችንን ፍርሃት እናወርሳቸዋለንና።

ይህ ጉዳይ በተለይ ለወላይታ ሶዶ ነዋሪ ቅርብ ነው። ከተማው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆኖአል። በዚህም ምክንያት ከልዩ ልዩ ስፍራ ተዛውረው የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ቤተ ሰቦቻቸውን ይዘው ገብተዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ወደ ቤት ገብቶ፣ «እማዬ፤ የጎረቤቱ ልጅ ከእኛ ወገን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እናት በዚያች ደቂቃ የምትሰጠው መልስ ከዚያ በፊት ከሰጠችው ምክር ሁሉ በልጁ ልብ ውስጥ ይበልጥ ይቀመጣል። ዚራ ለኮቩ የሰጠችውን መልስ ፊልሙ አሳይቶናል።

የወላይታ ሕዝብ ለዚህ ነገር የቆየ ብልሃት አለው። በመስከረም ወር የዘመን መለወጫው በዓል ጊፋታ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ዕዳ ያለበት ዕዳውን ይከፍላል፤ የተጣላም በሽማግሌ ፊት ይታረቃል። ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዘመን መሻገር አይገባም ይባላል። ከዚያም በኅብረት ሰንጋ ታርዶ ሥጋው ለየቤቱ ይከፈላል፤ ልጆችም ትላንት የተኳረፉት አባቶቻቸው ዛሬ በአንድ ገበታ ሲቀርቡ ያያሉ። ይህን ያየ ልጅ ኪያራ መዳፍዋን ስለ ምን እንደ ዘረጋች ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያሻውም።

ስለዚህ፣ ክቡራትና ክቡራን፤ ልጆቻችሁ ሁለቱን ፊልሞች በተራቸው በሚመለከቱበት ማታ ጋዜጣችሁን ለጥቂት ጊዜ አጥፋችሁ አብራችሁአቸው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ሲያልቅ፣ ስካር ለወንድሙ እጁን ቢሰጥ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ጠይቁአቸው። ሁለተኛው ሲያልቅ ደግሞ ኪያራ ለዚራ እጅዋን መዘርጋትዋ ትክክል ነው ወይስ ሞኝነት ነው ብላችሁ ጠይቁአቸው። መልሱን ፈጥናችሁ አትስጡ፤ እነርሱ እስኪናገሩ ታገሡ። የራሳችሁንም መልስ በልባችሁ መርምሩ፤ ልጆቹ ዞረው እናንተን መጠየቃቸው አይቀርምና።