ካሜራው ቀለለ፣ ሥራው ከበደ፦ ስለ ሀርጌሳ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ተረትና እውነታ

ሶማሌላንድ ከሶማሊያ ተለይታ በ1991 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዋና ከተማዋ በሀርጌሳ በርካታ የግል ጋዜጦች ተመሥርተዋል። ጀምሁሪያ፣ ሃቱፍና ጌስካ አፍሪካ በከተማዋ የታወቁ ስሞች ናቸው። የግል ሬዲዮ ጣቢያ ማቋቋም ስለማይፈቀድ፣ ከመንግሥት ውጭ የሆነ ወሬና ምስል ለሕዝብ የማድረስ ኃላፊነት በጋዜጦች፣ በቴሌቪዥን ጣቢያዎችና በፌስቡክ ገጾቻቸው ላይ ወድቋል። ምስሉን የሚያመጣው ፎቶግራፍ አንሺ ግን ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይታያል። አንዱ ዘመኑ አልፎበታል ይላል፤ ሌላው ኑሮ ቀሎለታል ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ተረት 1፦ «ሁሉም ሰው ስልክ ይዟል፤ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ከእንግዲህ አያስፈልግም።»

እውነታ፦ ኤፕሪል 1 ቀን 2022 የሀርጌሳ ትልቁ ገበያ ዋሂን በእሳት ሲወድም የመጀመሪያዎቹን ምስሎች ያሰራጩት በስፍራው የነበሩ ባለስልኮች ናቸው። ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ስልኩ ያሳየው ግን ነበልባሉን ነው። የገበያው መተላለፊያዎች ጠብበው የእሳት አደጋ መኪና እንዳላስገቡ፣ ሱቋ የነደደባት ነጋዴ ከሳምንት በኋላ የት ቁጭ ብላ እንደምትሸጥ፣ መልሶ ግንባታው እንዴት እንደሄደ ለማሳየት እየተመላለሰ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ለሥራው የተመደበ፣ ያየውን የሚያጣራ፣ ለስህተቱም በስሙ የሚጠየቅ ባለሙያ ነው።

«ስልክ ይበቃል» የሚለውን ሐሳብ አሜሪካ ውስጥ የሞከረ ጋዜጣ አለ። ቺካጎ ሰን ታይምስ በሜይ 2013 የፑሊትዘር ተሸላሚውን ጆን ዋይትን ጨምሮ 28 ቋሚ ፎቶግራፍ አንሺዎቹን በአንድ ቀን አሰናብቶ ዘጋቢዎቹን በአይፎን ፎቶ እንዲያነሱ ማሠልጠን ጀመረ። በኋላ ከተሰናበቱት ጥቂቶቹን ለመመለስ ተስማማ።

ተረት 2፦ «ዲጂታል ካሜራ ሥራውን አቀለለው።»

እውነታ፦ የቀለለው ፎቶውን ማንሳት ነው። በፊልም ዘመን ባለሙያው 36 ፎቶ የሚይዘውን ጥቅል ቆጥቦ አንስቶ፣ ጨለማ ክፍል ገብቶ አጥቦ፣ የታተመውን ለአርታኢው ሲያስረክብ የዕለት ሥራው ያልቅ ነበር። ዛሬ ያው ሰው በአንድ ዝግጅት ላይ ለጋዜጣው ፎቶ፣ ለፌስቡክ ገጹ ቪዲዮ፣ ለድረ ገጹ ደግሞ አጭር ጽሑፍ ይጠበቅበታል። ከመቶዎቹ ፎቶዎች አምስቱን መርጦ፣ መግለጫ ጽፎ፣ ገና ከስፍራው ሳይነሳ መላክ አለበት። በትንንሽ የዜና ክፍሎች ዘጋቢውና ፎቶግራፍ አንሺው አንድ ሰው የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በአንድ እጅ መቅጃ፣ በሌላው ካሜራ ይዞ ይሮጣል።

ብዙዎች ፎቶን ከስፍራው የመላክን ችግር ከኢንተርኔት እጥረት ጋር ያያይዙታል። ሀርጌሳ ግን በ2009 በተጀመረው ዛድ በተባለ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ከቤት ኪራይ እስከ ሻይ ሒሳብ በስልክ የሚከፈልባት ከተማ ናት። የሚያሰጋው የመስመሩ መኖር አለመኖር ሳይሆን ማን እንደሚዘጋው ነው። ኖቬምበር 13 ቀን 2017 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሲካሄድ ባለሥልጣናት ማኅበራዊ ሚዲያ እንዲዘጋ አዘዙ። ፎቶ ከሁሉ ይልቅ በሚፈለግበት ሰዓት የባለሙያው ዋና ማሰራጫ ተዘጋ ማለት ነው።

ተረት 3፦ «ለፎቶው ጋዜጣው ይከፍለዋል።»

እውነታ፦ ይከፍላል፤ ክፍያው ግን አነስተኛ ነው። ካሜራው፣ ሌንሱና ላፕቶፑ ብዙ ጊዜ የራሱ የባለሙያው ናቸው፤ ቢሰበሩም ኪሳራው የእሱ ነው። ጉድለቱን የሚሞላው በሠርግና በእርዳታ ድርጅቶች ሥራ ነው። በሶማሊኛ ሸሩር የሚባል ክፍያም አለ። ዝግጅቱን ያሰናዳው አካል ለመጣው ጋዜጠኛ በእጁ የሚሰጠው ገንዘብ ነው፤ እኛም አገር ውሎ አበል ወይም የትራንስፖርት ተብሎ ሲሰጥ እናውቀዋለን። ይህን እንደ ባለሙያው የሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ ማየት ፍርደ ገምድልነት ነው። ደመወዝ ያልበቃው ሰው ሸሩር ወዳለበት አዳራሽ ይሄዳል፤ ማንም የማይከፍልበት የውሃ ወረፋ ፎቶ ሳይነሳ ይቀራል። የክፍያው ጉዳይ አንባቢው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ይወስናል።

ተረት 4፦ «ሀርጌሳ ሰላም ናት፤ ፎቶግራፍ አንሺ ምንም አይነካውም።»

እውነታ፦ ሀርጌሳን በርካታ ጋዜጠኞች ከተገደሉባት ከሞቃዲሾ ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ ይህ ሰላም በሕዝቡ ጥረት የተገኘ ትልቅ ሀብት ነው። አደጋው ግን ሌላ መልክ አለው፦ መታሰር፣ ካሜራ መቀማት፣ ፈቃድ መሰረዝ።

ሶማሌላንድ በ2004 የፕሬስ ሕግ አውጥታለች። ሆኖም በ2007 የሃቱፍ ኃላፊ ዩሱፍ አብዲ ጋቦቤና ባልደረቦቻቸው ስለ ፕሬዚዳንቱ ቤተሰብ ባወጡት ዘገባ ሲከሰሱ፣ የተዳኙት በፕሬስ ሕጉ ሳይሆን በወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ነበር፤ ከእስር የወጡትም በምሕረት ነው። በጁን 2014 ደግሞ ፍርድ ቤት የሃቱፍንና የእንግሊዝኛውን ሶማሌላንድ ታይምስ ፈቃድ ሰረዘ። በኤፕሪል 2022 በሀርጌሳ ማረሚያ ቤት የተነሳውን ግጭት የተከታተሉ ጋዜጠኞች ታስረዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺው ከጸሐፊው ይልቅ ይጋለጣል። ጸሐፊ በስልክ ጠይቆ ቢሮው ሆኖ ሊጽፍ ይችላል፤ ፎቶ የሚያነሳው ግን ነገሩ ካለበት ቦታ መገኘት አለበት፤ በእጁ የያዘው ካሜራም ከሩቅ ያስታውቅበታል።

ተረት 5፦ «ዲጂታል ፎቶ አይጠፋም።»

እውነታ፦ የአንድ ባለሙያ የዓመታት ሥራ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ፣ ዲስኩ በተበላሸ ወይም በተቀማ ዕለት አብሮ ይሄዳል። ፌስቡክ ላይ የቀረው ቅጂም ታምቆ ያነሰ ነው፤ ለመጽሐፍ ወይም ለዐውደ ርዕይ አይበቃም።

ሀርጌሳ ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። በ1988 የያኔው የሶማሊያ መሪ የዚያድ ባሬ የጦር አውሮፕላኖች ከራሷ ከከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሱ ሲደበድቧት የሬዲዮ ሀርጌሳን የሙዚቃ ቅጂዎች ከጥፋት ለማዳን መሬት ውስጥ የቀበሩ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ የሀርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶችን ይዟል። ድምፁ የተረፈው አንድ ሰው ጊዜ ሳያልፍ «ይህ መቀመጥ አለበት» ብሎ ስለተነሳ ነው። ለፎቶም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። የሙያው ደንብ ግልጽ ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ቅጂ ከከተማው ወይም ቢያንስ ከቢሮው ውጭ።

ተረት 6፦ «ፎቶሾፕ የነካው ሁሉ ውሸት ነው፤ ያልነካው ሁሉ እውነት ነው።»

እውነታ፦ ብርሃን ማስተካከልና ዳር መቁረጥ በጨለማ ክፍልም የነበረ ሥራ ነው። የተከለከለው የሌለን መጨመርና ያለን ማጥፋት ነው። ሮይተርስ በ2006 የቤይሩትን ጭስ ያጠቆረን ፎቶግራፍ አንሺ አሰናብቶ 920 ፎቶዎቹን ከመዝገቡ አወጣ። አሶሺየትድ ፕሬስ በ2014 ከሶሪያ ፎቶው ጥግ የባልደረባውን የቪዲዮ ካሜራ ካጠፋ የፑሊትዘር ተሸላሚ ጋር ተለያየ።

ትልቁ ውሸት ግን ብዙ ጊዜ ከፎቶው ሥር ይጻፋል። የ2017ቱን ድርቅ ፎቶ ለ2022ቱ ድርቅ የለጠፈ ሰው አንድም ነጥብ ሳይነካ አንባቢውን አሳስቷል። ለሀርጌሳ ባለሙያ ደግሞ የቦታው ስም ራሱ ፈተና ነው። የውጭ አርታኢ «ሀርጌሳ፣ ሶማሊያ» ብሎ ቢያወጣው በአገሩ ሰው ዘንድ የሚወቀሰው ፎቶውን ያነሳው ነው። ስለዚህ የፎቶ መግለጫ ከካሜራው እኩል ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ሲያደርግ።

ተረት 7፦ «ፌስቡክ ላይ የወጣ ፎቶ የማንም ነው።»

እውነታ፦ የአንሺው ነው። ዳንኤል ሞሬል የተባለ ሄይቲያዊ ፎቶግራፍ አንሺ የ2010ሩን የመሬት መንቀጥቀጥ ፎቶዎቹን ትዊተር ላይ አወጣ፤ ፈረንሳዊው የዜና ወኪል ኤኤፍፒና ጌቲ ኢሜጅስ ያለፈቃዱ አሰራጯቸው። በ2013 የኒውዮርክ ዳኞች 1.2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈለው ወሰኑ።

የሀርጌሳ ባለሙያ ይህን መንገድ በቀላሉ አያገኘውም። ሶማሌላንድ የዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነቶች አባል አይደለችም፤ ባሕር ማዶ ጠበቃ መቅጠርም በጋዜጣ ክፍያ አይታሰብም። በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ስምና ቀንም ፎቶው በዋትስአፕ ሲያልፍ ይራገፋል። መብቱ ሲጣስ ከለላ የሚሆነው የአርታኢዎችና የአንባቢዎች ሕሊና ነው።

ስለዚህ የሚጠበቅብን ከባድ ነገር አይደለም። አርታኢ ፎቶውን ከማውጣቱ በፊት ይጠይቅ፣ ይክፈል፣ የአንሺውን ስም ይጻፍ። ፎቶውን የምናጋራ ሰዎችም ስሙን ቆርጠን አንጣል፤ ቦታውንና ቀኑን ሳናውቅ አናስተላልፍ። ስሙ የተጻፈለት ባለሙያ ሌላ ሥራ ያገኛል፤ ሥራ ያገኘ ባለሙያ በሙያው ይቆያል፤ በሙያው የቆየ ባለሙያ ደግሞ ከሸሩሩ አዳራሽ ወጥቶ የውሃ ወረፋው ጋ መድረስ ይችላል።