ፈረሱ እስኪያነክስ አይጠበቅም

አንድ ገበሬ አለ እንበል። አገሩ ከወጨጫ ተራራ ሥር ነው። ቅዳሜ በማለዳ ድንቹን በጋሪ ጭኖ ወደ ኮልፌ ይወርዳል። መንገዱ እኩሌታው ጭቃ፣ እኩሌታው ድንጋይና አስፋልት ነው። ኮልፌ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ፈረሱ ማንከስ ይጀምራል። ጥቂት ይራመድና ይቆማል። ጎረቤቱ ከኋላ ይደርስበታል።

«ምን ሆነብህ ወንድሜ?»

«እኔ እንጃ! ትናንት ደህና ነበር።»

«ኮቴው ከተቆረጠ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ከመስቀል በፊት ይመስለኛል። ወይስ ከፍልሰታ በፊት ነው?»

ድንቹ ገበያ ሳይደርስ ቀረ። የዕለቱ ገቢ ቀረ። ፈረሱም ለሳምንታት ሥራ ፈታ። ፈረሱ ትናንት ደህና አልነበረም። ኮቴው ሲረዝም ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ያየው ሰው ግን የለም፤ ቀኑንም የጻፈው የለም።

በድሮ ጊዜ ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። የዛሬው ፈረስ ጦር ሜዳ አይውልም። እህል፣ እንጨት፣ ውሃና ሰው ያመላልሳል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ኮቴው የታመመ ፈረስ ግን አያደርስም።

ስለዚህ የፈረስ እንክብካቤ ጊዜ አለው። የየቀኑ አለ፤ የየ50 ቀኑ አለ፤ በዓመት ሁለት ጊዜና አንድ ጊዜ የሚደረግም አለ።

በየቀኑ

ጠዋት ከመጫናችሁ በፊት፣ ማታም ከሥራ ሲመለስ አራቱንም እግር እያነሣችሁ እዩ። ጫፉ ባልሾለ ብረት ወይም እንጨት ጭቃውንና ጠጠሩን አውጡ። ከተረከዙ ጀምራችሁ ወደ ፊት ጥረጉ። በኮቴው ሥር መሐል ላይ ባለሦስት ማዕዘን የሆነ ለስላሳ ክፍል አለ። እሱን አትውጉት። ከዚያ አካባቢ ጥቁር ነገር ከወጣና ከከረፋ ኮቴው መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ይህ በሽታ ፈረሱ በጭቃና በፋንድያ ላይ ሲቆም ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ይበዛል። መከላከያው ደረቅና ንጹሕ ጋጣ ነው።

ጀርባውንና ደረቱንም ዳብሱ። ኮርቻው ወይም የጋሪው ማሰሪያ የፈገፈገው ቦታ ቶሎ ካልታየ ፈረሱ ገጣባ ይሆናል። ቁስሉን አፍልታችሁ ባበረዳችሁት የጨው ውሃ እጠቡ። ለ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። በጋለ ብረት መተኮስ፣ የመኪና ዘይት መቀባት ቁስሉን ያብሳል እንጂ አያድንም። ቁስሉ እስኪድን በዚያ ቦታ ላይ ጭነትም ማሰሪያም አይረፍ።

ውሃም አይርሳ። አንድ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል። ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን ከአንድ እስከ ሁለት ጀሪካን ነው። ፀሐይ ሲበረታና ሥራ ሲከብድ ከዚህም በላይ ይፈልጋል።

በየ50 ቀኑ

ኮቴ እንደ ሰው ጥፍር ነው። ማደጉን አያቆምም። በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያድጋል። በሁለት ወር የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ይሆናል። ከፊት ሲረዝም የእግሩ ጅማት ይወጠራል። ፈረሱ ይደናቀፋል፤ ኮቴውም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መቆረጥ አለበት። ለመቁጠር እንዲመች 50 ቀን በሉት።

ኮቴ በማጭድ ወይም በመጥረቢያ አይቆረጥም። ሥራው የሠለጠነ ሰው፣ ጉጠትና ሞረድ ይፈልጋል። ጠልቆ ከተቆረጠ ሕይወት ያለው ሥጋ ስለሚነካ ይደማል።

በለስላሳ መስክ ላይ የሚውል ፈረስ ኮቴው ይረዝማል። አስፋልት ላይ የሚውል ደግሞ ኮቴው ይበላል። ወደ ኮልፌ የሚመላለስ ፈረስ ሁለቱንም ያያል። ኮቴው በጣም ከተበላ ብረት ጫማ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ብረት ያለው ኮቴም ያድጋል። ብረቱ በየ50 ቀኑ ወልቆ፣ ኮቴው ተስተካክሎ፣ እንደገና መመታት አለበት።

በዓመት ሁለት ጊዜ

ክረምት ሲገባና ክረምት ሲወጣ ፈረሱን ለሆድ ትል አስመርምሩ። ፀጉሩ የሻከረ፣ እየበላ የሚከሳ ፈረስ ትል ሊኖርበት ይችላል። ሐኪሙ ፋንድያውን ያያል፤ መድኃኒቱንም በፈረሱ ክብደት ይለካል። በግምት አትስጡ። መድኃኒቱ ሲያንስ ወይም ያለ ምክንያት ሲደጋገም ትሉ ይለምደዋል።

በዓመት አንድ ጊዜ

ጥርሱን አስዩ። የፈረስ መንጋጋ ጥርስ ሲፋጭ ጠርዙ ይሾላል፤ ምላስና ጉንጭ ያቆስላል። ሣሩን አላምጦ ከአፉ የሚጥል፣ በፋንድያው ውስጥ ያልተፈጨ እህል የሚታይበት ፈረስ ጥርሱ ታሟል።

ክትባትም በየዓመቱ ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ከሁሉ ይከፋል። በሽታውን የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ ተናካሽ ናት። ዝናብ ሲያበቃ ትበዛለች፤ ከጀንበር መጥለቂያ እስከ ንጋት ትነክሳለች። የታመመው ፈረስ ያተኩሰዋል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ያብጣል። ትንፋሹ ይከብዳል፤ ከአፍንጫውም አረፋ ይወጣል። በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። በሽታውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ክትባት ግን አለ። ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይሠራል። ክረምቱ ሳይገባ የእንስሳት ሐኪም ጠይቃችሁ አስከትቡ። ከተከተበ በኋላ ስንት ቀን እንደሚያርፍም ጠይቁ። ማታ ማታ ፈረሱን ጀንበር ሳትጠልቅ ጋጣ አስገቡት። ስለ መንጋጋ ቆልፍና ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ጠይቁ።

ቀን የማይሰጡ ምልክቶች

ፈረሱ ድንገት ካነከሰና ኮቴው ከጋለ፣ ሆዱን እየዞረ ካየ፣ ከተንከባለለና ፋንድያ ከከለከለው ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ።

ሌላም አለ። በእግሩ፣ በአንገቱ ወይም በደረቱ ቆዳ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰካክተው የሚወጡ እብጠቶች ሲፈነዱ መግል ያወጣሉ። ይህ ከሻጋታ ዘር የሚመጣ በሽታ ነው። የጋሪ ፈረሶችን ያጠቃል። በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል። የታመመውን ለዩ። ልጓሙንና ማሰሪያውን ለሌላ ፈረስ አታውሱ። በጊዜ ከታከመ የመዳን ተስፋ አለው፤ ከቆየ ግን የለውም።

ቀኑን ጻፉት

እንግዲህ ይህን ያነበበ ሰው መጻፍም ይችላል። አንድ ደብተር ለፈረሱ ይኑረው። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

መስከረም 1፦ ኮቴ ተቆረጠ።
ጥቅምት 21፦ ኮቴ ይቆረጣል።
ታኅሣሥ 11፦ ኮቴ ይቆረጣል።
የካቲት 1፦ ኮቴ ይቆረጣል።

ክትባቱንና የትል መድኃኒቱንም ከነቀኑ መዝግቡ። ሐኪም ሲመጣ ደብተሩን አሳዩት። ያን ጊዜ «ስንት ጊዜ ሆነው?» ሲባል መልሱ «ይመስለኛል» አይሆንም። ደብተሩ ይመልሳል።

አንብባችሁ ተወያዩ

1. የእናንተ ፈረስ ኮቴው የተቆረጠው መቼ ነው? ቀኑን መናገር ትችላላችሁ?
2. ኮቴው ግንቦት 11 ቀን ቢቆረጥ፣ ከ50 ቀን በኋላ ስንት ቀን ይሆናል?
3. ፈረስ ማታ ማታ ጋጣ የሚገባው ለምንድን ነው?
4. ጎረቤት ልጓም ሊዋሳችሁ ቢመጣ በመጀመሪያ ምን ትጠይቁታላችሁ?