ሳይቀላ የሚበግን ዓይን

መሐል ሜዳም ሆነ ሞላሌ፣ ራቤልም ሆነ ዓለም ከተማ፣ «ዓይኔ ደከመብኝ» ያለ ሰው የሚሰማው ምክር ብዙም አይለያይም፦ ካልቀላና ካልቆረቆረ ደህና ነው፤ ከሆነም ሞራ ነው፣ ከአዝመራ በኋላ ይገፈፋል። ግምቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል፤ ሞራ ደግሞ በአብዛኛው ወራትን ይታገሣል። ስሕተቱ ይኸው ቀጠሮ ለሬቲና መላቀቅም ሲሰጥ ነው። ሬቲና ከዓይን ኳስ የውስጥ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው፤ ሕመም የሚሰማው ነርቭ ስለሌለው ሲቀደድም ሲላቀቅም አያምም። የሚታየው ምልክት ብልጭታ፣ በድንገት የሚበዛ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከዚያም ከአንድ ጎን እንደ መጋረጃ የሚገፋ ጥላ ነው።

«ካልቀላ ብግነት የለም» የሚለው እምነት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ኦክስጅንና ምግብ የሚያገኙት ከሥራቸው ካለው የደም ሥር የበዛበት ሽፋን ነው። ከእሱ ሲለያዩ ይጎዳሉ፤ የተጎዳው አካባቢ ደግሞ ሳይቶካይን የሚባሉ ብግነት ቀስቃሽ መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖችን ይለቃል። ሬቲናቸው ከተላቀቀ ሕሙማን ዓይን በቀዶ ሕክምና ጊዜ የተቀዳ ፈሳሽ ሲመረመር ኢንተርሉኪን-6፣ ኢንተርሉኪን-8 እና ኤምሲፒ-1 የተባሉት ሳይቶካይኖች ከፍ ብለው በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። ኤምሲፒ-1 ፍርስራሽ የሚያጸዱ የመከላከያ ሕዋሳትን ይጠራል፤ የተጠሩት ግን ገና ሊተርፍ የሚችለውንም አብረው ያጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች የአይጦችን ሬቲና አላቅቀው ይህን ፕሮቲን ሲያግዱት የሕዋሳቱ ሞት በእጅጉ ቀንሷል። አይጥ ሰው አይደለም፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሰው ዓይን የተቀዳው ፈሳሽም የሚያሳየው ወደዚያው ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የዓይኑ ነጭ ክፍል ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል።

ታዲያ ብግነቱ የመላቀቁ ውጤት እንጂ መነሻው ካልሆነ ለምን ያሳስበናል? ብሎ የሚሞግት አይጠፋም። የስዊዘርላንዱ ሐኪም ዡል ጎናን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው በተለመደው ዓይነት ዋናው መነሻ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ካልተዘጋ ሬቲናው አይመለስም። ሆኖም ውጤቱ ራሱ ሌላ ጉዳት ይወልዳል። ቲጂኤፍ-ቤታን የመሰሉ መልእክቶች ከቦታቸው የወጡ ሕዋሳትን ወደሚኮማተር ጠባሳ ይለውጧቸዋል፤ ጠባሳው የተመለሰውን ሬቲና እንደገና ይጎትታል። ይህ ከ100 ታካሚዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ የሚደርስ ሲሆን ቀዶ ሕክምናው የሚከሽፍበት ዋነኛ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገ እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ባዶ ጊዜ አይደለም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው የብግነት ጠብታ ከመድኃኒት ቤት ልግዛ» ማለት ደግሞ ሁለተኛው ተረት ነው፤ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ከመጭመቅ ብዙም አይሻልም። ጠብታ ቀዳዳ አይደፍንም። ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ሲወሰድ የዓይን ግፊት ሊጨምርና ሞራ ሊያመጣ ይችላል፤ ጠባሳውን ለመከላከል የተሞከሩት ፀረ ብግነት መድኃኒቶችም እስካሁን የጠራ ድል አላስገኙም። አንድ የማልዘለው ልዩ ሁኔታ አለ፦ በዓይን ውስጥ ብግነት ሳቢያ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ያለ ቀዳዳ የሚላቀቅ ሬቲና በስቴሮይድ ሊድን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ግን የዓይን ብሌን በጠብታ አስፍቶ የሚያይ ባለሙያ ነው፤ ከውጭ በማየት አይታወቅም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የመንገዱ ነው። የሬቲና ቀዶ ሕክምና የሚሠራው በጥቂት ቦታዎች ነው፤ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን ወደመሰለ የአዲስ አበባ ተቋም መውረድ አለበት። ወጪው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ማዕከላዊው የእይታ ቦታ፣ ማኩላ፣ ሳይላቀቅ የደረሰ ሰው እይታው በአብዛኛው ይተርፍለታል፤ ቀዳዳው ብቻ ከሆነ ደግሞ በሌዘር ዙሪያውን አጣብቆ መመለስ ይቻላል። የመልሱ መንገድም የራሱ ጣጣ አለው። ሬቲናውን ለመደገፍ ዓይን ውስጥ ጋዝ ከተሞላ፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጋዙ ይሰፋል፣ የዓይን ግፊትም ይንራል። ከአዲስ አበባ ወደ መሐል ሜዳ ሲኬድ ከ2,400 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ስለዚህ ጋዙ እስኪጠፋ፣ እንደ ዓይነቱ ሁለት ሳምንትም ሁለት ወርም ሊፈጅ ይችላልና፣ ሐኪሙ ካልፈቀደ የመንዝ አውቶቡስ ላይ አይወጣም፤ በጋዝ ፈንታ የሲሊኮን ዘይት የተሞላለት ሰው ግን ይህ ሥጋት የለበትም።