ያረጁ የአሉሚኒየም ቸርኬዎችን ስለ ማጽዳትና ስለ ማደስ

የመኪና ዋጋ ከፍ ባለ መጠን ባለንብረቱ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ያለውን ጠብቆ ለማቆየት መትጋቱ የታወቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ የሚከፈለውን ታክስ እጅግ ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህም በሐዋሳ ጎዳናዎች የሚመላለሱት ኮሮላ፣ ቪትዝና ሌሎችም የቆዩ መኪናዎች ገና ለብዙ ዓመት እንዲያገለግሉ ይፈለጋል።

መኪና ለመግዛት ወይም ለመከራየት የሚመጣ ሰው ከሞተሩ አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙንና ቸርኬውን ነው። ቸርኬው የደበዘዘና የተላጠ እንደ ሆነ መኪናው ሁሉ ያልተጠበቀ ይመስለዋል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ነገር ግን ቸርኬ ጌጥ ብቻ አይደለም። የመኪናውንና የተሳፋሪውን ክብደት ተሸክሞ የሚዞር አካል ስለ ሆነ፣ እድሳቱ ከመልኩ ይልቅ ደኅንነቱን ማስቀደም ይገባዋል።

በአሉሚኒየም ቀልጦ የተሠራ ቸርኬ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1924 የቡጋቲ ፋብሪካ ዓይነት 35 በተባለው የእሽቅድምድም መኪና ላይ ከገጠመው በኋላ ነው። ዛሬ የሚሠራው በአብዛኛው ከመቶ 7 እጅ ያህል ሲሊኮንና ጥቂት ማግኒዥየም የተቀላቀለበት አሉሚኒየም ነው። ከላሜራ ቸርኬ ይልቅ ቀላል ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ የፍሬንንም ሙቀት ቶሎ ያስተላልፋል። እንደ ብረት ቀይ ዝገት ባያበቅልም ፈጽሞ አይበላሽም ማለት አይደለም። ጠጠር ወይም የመንገድ ጠርዝ በላዩ ያለውን ቫርኒሽ ሲፍቀው ውሃና አፈር በቀዳዳው ገብተው ከሥር ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያስነሣሉ፤ ቫርኒሹም እየተነፋ ይላጣል። ከዚህም ሌላ ከፍሬን ሸራና ከዲስኩ የሚረግፈው የብረት ብናኝ በትኩስነቱ ቸርኬው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

የማጽዳቱ ሥራ ቸርኬው በቀዘቀዘ ጊዜ በጥላ ሥር ይጀመራል። በጋለ ቸርኬ ላይ የፈሰሰ ሳሙና ቶሎ ደርቆ እድፍ ይተዋል። በመጀመሪያ ብዙ ውሃ በማፍሰስ አሸዋውና ጭቃው ይወገዳል፤ አለዚያ ስፖንጁ አሸዋውን እየጎተተ ይፍቀዋል። ቀጥሎ ለስላሳ ሳሙና በሞቀ ውሃ በጥብጦ በለስላሳ ብሩሽ ማሸት፣ ማጠብና በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው። አንዳንድ ሰዎች ሥራውን ለማፋጠን ኮስቲክ ሶዳ፣ የባትሪ አሲድ ወይም የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ይጠቀማሉ። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላዋል፤ ብርቱ አሲድም ቫርኒሹን አጥፍቶ ቸርኬውን ያጠቁረዋል፤ የሠራተኛውንም እጅና ዓይን ይጎዳል።

ከጸዳ በኋላ ቸርኬው ከመኪናው ወጥቶ ፊቱም ጀርባውም በብርሃን መመርመር አለበት። በተለይም የዳዶዎቹ መቀመጫ ዙሪያ፣ የክንዶቹ ሥርና የውስጠኛው ከንፈር በጥንቃቄ ይታያሉ። ስንጥቅ የተገኘበት ቸርኬ ይጣላል እንጂ አይታደስም። በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም የተቀባ ስንጥቅ ከገዢው ዓይን ይሰወራል፤ ከጭነቱ ግን አይሰወርም። የተጎበጠውንም በእሳት አግሎ በመዶሻ ማቅናት አደገኛ ነው። ምክንያቱም ቸርኬው በፋብሪካ ጥንካሬውን ያገኘው በተመጠነ ሙቀት ነውና ልኩ ያልታወቀ እሳት ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል።

ጉዳቱ ከላይ ብቻ ከሆነ ግን እድሳቱ ይቻላል። ጎሚስታው ጎማውን ካወጣ በኋላ የተላጠው ቫርኒሽና ነጩ ዝገት በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እስኪጠፋ ድረስ ይፋቃል፤ ከዚያም በ240ና በ400 ቁጥር ወረቀት በውሃ ይለሰልሳል። ጥልቀት የሌለው ጭረት በብረት ስቱኮ ሊሞላ ይችላል። ቸርኬው ታጥቦ ከደረቀና ቅባቱ በቲነር ከተጠረገ በኋላ በእጅ አይነካም። በመጀመሪያ ለአሉሚኒየም የተዘጋጀ መያዣ ቀለም፣ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ስስ እጅ ዋናው ቀለም፣ በመጨረሻም ቫርኒሹ ይረጫል። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። በአንድ ጊዜ በወፍራሙ የተረጨ ቀለም ይንጠባጠባል፤ በኋላም ቶሎ ይላጣል። ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚጋጠምበት ፊትና የዳዶዎቹ መቀመጫ ቀለም እንዳይነካቸው አስቀድሞ ይሸፈናሉ፤ በዚያ ያለ ቀለም ሲደቅ ዳዶው ይላላልና።

ቀለሙ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ጎማው ይገጠማል፤ ባላንሱም ይሠራል። ዳዶዎቹ በተራ ሳይሆን በኮከብ ቅርጽ ተሻግረው ይጠብቃሉ። ልኩ በየመኪናው መመሪያ የተጻፈ ሲሆን ለብዙዎቹ ትንንሽ አውቶሞቢሎች 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ እንደ ገና ይፈተሻሉ።

በሐዋሳ ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ሊያስበው የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውሃን ወንዝ ይቀበላል እንጂ በምድር ላይ የሚፈስስ መውጫ የለውም። ስለዚህ በሐይቁ ዳር ወይም በወንዙ አፋፍ መኪና ታጥቦ የሚወርደው ዘይት፣ የብረት ብናኝና ቲነር ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም። ቆሮሶና አምባዛ የሚጠመዱበት፣ የአሞራ ገደል ዓሣ ነጋዴ የሚተዳደርበትና ሆቴሎች እንግዳ የሚቀበሉበት ውሃ ይኸው ነው። ማጠቢያ ጉድጓድና የዘይት ማጥለያ ያለው ላቫጆ ወጪው ከፍ ቢልም የከተማውን ንግድ ይጠብቃል። የቀረ ቀለምና ቲነርም በቆርቆሮ ተከድኖ ይቀመጥ እንጂ ወደ ቦይ አይደፋ።

በመጨረሻም የታደሰ ቸርኬ የሚሸጥ ነጋዴ የታደሰ መሆኑን ለገዢው መግለጽ ይገባዋል፤ ገዢውም ጀርባውን ገልብጦ ሳያይ ገንዘቡን አይክፈል። በደንብ የታደሰ ቸርኬ ለመኪናው ዋጋን፣ ለባለሙያው ስምን ይጨምራል፤ ስንጥቁ የተሸፈነ ግን በመንገድ ላይ የሰው ሕይወት ያስከፍላል።